የተራቡ ሰዎች እንደራሴ
ተከታታይ እውነተኛ ታሪክ
(በተለይ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክፍል አንድ፦ ሦስት ሳምንት

የአሜሪካዊው እንደራሴ የሚኪ ሌላንድ እናት አሊስ ከባሏ ተለይታ፣ ልጆቿን ይዛ ሂውስተን ስትገባ ኑሮዋን የጀመረችው ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የድሆች ሰፈር ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች በአንድ ጥጋቸው ቁርስና ምሳ ይሸጡ ነበርና፣ አሊስ ከነዚያ በአንዱ ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጠረች። ከሥራ መልስ ደግሞ ትማራለች። ኋላም አስተማሪ ሆነች።

ልጇ የተወለደው ኖቬምበር 27 ቀን 1944 በምዕራብ ቴክሳስ፣ ለበክ ከተማ ነው። የመዝገብ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ ሲሆን ቤተሰቡ ሚኪ አለው፤ በዚያው ጸና። ያደገባት ቴክሳስ ጥቁሩን ከነጩ በሕግ ለይታ የምታኖር ነበረች። ለጥቁር ልጆች የተለየው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በፊሊስ ዊትሊ ስም የተሰየመ ነው። ፊሊስ በልጅነቷ ከምዕራብ አፍሪካ ተሸጣ አሜሪካ የገባች፣ በባርነት ሳለች በ1773 የግጥም መጽሐፍ ያሳተመች ሴት ናት። እሱ ከመግባቱ ዓመታት ቀደም ብሎ ከዚያው ትምህርት ቤት ባርባራ ጆርዳን የምትባል ተማሪ ወጥታ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስም ያዝልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንፈልገዋለን።

ሚኪ በ1963 ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1970 በፋርማሲ ተመርቆ እዚያው ማስተማር ጀመረ። ሂውስተን በዓለም ከታወቁት ታላላቅ የሕክምና ማዕከላት አንዱ ያለባት ከተማ ናት። ማዕከሉ ለፊፍዝ ዋርድ በመንገድ ቅርብ ነው፤ በኪስ ግን ሩቅ ነው። ወጣቱ ፋርማሲስት ባልደረቦቹን አስተባብሮ ቤት ለቤት እየዞረ የሰፈሩን ሰው ጤና ይከታተል፣ በነፃ የሚያክሙ ክሊኒኮች እንዲከፈቱም ይወተውት ጀመር። በፖሊስ ድብደባ ላይ በተነሡ ሰልፎችም ፊት ለፊት ይታይ ስለነበር ታስሯል። መድኃኒት ሞልቶ ሳለ ሰው መድኃኒት አጥቶ ለምን ይሞታል? እህል ሞልቶ ሳለ ሰው ለምን ይራባል የሚለው የኋለኛው ዘመን ጥያቄው የዚህኛው ታናሽ ወንድም ነው። የዚህን ሰው ሕይወት ስመረምር ከሁሉ በላይ የሚገርመኝም፣ መነሻውን እንዲህ በግልጽ ማየት መቻሉ ነው።

በ1972 የቴክሳስ ምክር ቤት የምርጫ ወረዳዎች በአዲስ መልክ ተከለሉ። ቀድሞ የሂውስተን አውራጃ ተወካዮቹን በጅምላ ይመርጥ ስለነበር የጥቁሮች ድምፅ በነጮቹ ብዛት ይዋጥ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ሰው መላክ ቻለ። ሚኪ ተወዳደረ፤ የ27 ዓመት ወጣት ሳለም ተመረጠ።

ከደጋፊዎቹ መካከል ከፈረንሳይ መጥተው ሂውስተን የከተሙ ጆን እና ዶሚኒክ ደ ሜኒል የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ሀብታቸው ከነዳጅ ፍለጋ መሣሪያ የመጣ፣ ሥነ ጥበብንና የጥቁሮችን የመብት ትግል የሚደግፉ ሰዎች ናቸው። ወጣቱን እንደ ልጃቸው ቀረቡት። በእነዚያ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አፍሪካን በዓይኑ የሚያይበት ዕድል ገጠመውና ለሦስት ሳምንት ጉብኝት ወደ ታንዛኒያ ተነሣ። የጁሊየስ ኔሬሬ ታንዛኒያ ያን ጊዜ የብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ሕልም ነበረች።

አንደኛው ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ሞላ። እናቱ ጠበቀች፤ ጓደኞቹ ጠበቁ። ሚኪ አልተመለሰም። በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግራቸውም አልተገኘም።

(ይቀጥላል)

ክፍል ሁለት፦ የባርባራ ወንበር

ሦስቱ ሳምንት ሦስት ወር ሆኑ።

ሚኪ ሌላንድ ግን አልሞተም፤ አልታሰረምም። አፍሪካ ይዛ አስቀረችው እንጂ። ከሦስት ወር በኋላ ሂውስተን ሲገባ ሞቷል ብለው የሰጉ ወዳጆቹ ጉድ አሉ። እሱ ግን የተለየ ሰው ሆኖ ነበር የመጣው። ከዚያ በኋላ የፊፍዝ ዋርድ ችግር ለእሱ የአንድ ሰፈር ችግር ብቻ ሆኖ አልታየውም።

ኦስቲን ከተማ የሚገኘው የቴክሳስ ምክር ቤት ያን ጊዜ ኮፍያና ቦት ጫማ ያደረጉ የከብት አርቢና የነዳጅ ባለሀብት ልጆች መናኸሪያ ነው። ሌላንድ ጎፈሬውን አጎፍሮ፣ ዳሺኪ የሚባለውን የአፍሪካ ልብስ ለብሶ፣ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ገባ። ያዩት ሁሉ ዘለቄታ የለውም አሉ። ሥራው ሌላ ነገር መሰከረ። በስመ ጥር ኩባንያ ስም ከሚሸጠው ውድ መድኃኒት ፋንታ ያንኑ ይዘት ያለው ርካሹ መድኃኒት ለድሃ እንዲሸጥ ተሟገተ፤ የእስር ቤቶችን አያያዝ የሚመረምረው የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢም ሆነ። ሐሳቡን የማይጋሩት ነጭ ወግ አጥባቂዎች ሳይቀሩ ወደዱት። ሰውን በመጥላት የሚገኝ ድምፅ እንደሌለ የተረዳ ፖለቲከኛ ነበርና፣ ይህ ጠባዩ ኋላ ትልቅ ነገር ሊያስገኝለት ነው።

አሁን ወደ ባርባራ ጆርዳን እንመለስ።

በ1972፣ ሌላንድ ኦስቲን በገባበት ምርጫ፣ ባርባራ ጆርዳን ከአሜሪካ ደቡብ ለኮንግረስ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ጉዳይ በሕግ ኮሚቴው ሲመረመር፣ ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት ያሰማችው ንግግር በቴሌቪዥን አገር ምድሩን አስደመመ። በ1976 የዴሞክራቲክ ፓርቲውን ታላቅ ጉባኤ ንግግር እንድታቀርብ የተጋበዘችውም እሷው ናት። ፊፍዝ ዋርድን የሚጨምረው የቴክሳስ 18ኛው የምርጫ ወረዳ ወንበር በእሷ ስም የሚከበር ወንበር ሆነ።

ይህቺው ሴት በ1977 መጨረሻ ላይ ዳግመኛ አልወዳደርም አለች።

ሂውስተን ታመሰች። እንዲህ ያለ ወንበር በአንድ ሰው ዕድሜ አንዴ ቢለቀቅ ነው። ብዙዎች ተመዘገቡ፤ ሌላንድም አንዱ ነበር። ሕዝቡ ግን ሲያመዛዝን ሌላንድን ከባርባራ ጋር ነበር የሚያስተያየው። እሷ ረጋ ያለች፣ ቃሏን እየመዘነች የምትጥል የሕግ ሰው ናት፤ እሱ ስሜቱ ፊቱ ላይ የሚነበብ የሰልፍ ሰው። የእሷን ጫማ ይሞላል ብሎ በልበ ሙሉነት የሚናገር ጥቂት ነበር። በ1978ቱ የፓርቲው ማጣሪያ አንድም ተወዳዳሪ ከግማሽ በላይ ድምፅ ስላላገኘ ሁለተኛ ዙር አስፈለገ። በቴክሳስ ምክር ቤት አብረው የተቀመጡት ሚኪ ሌላንድና አንቶኒ ሆል ተፋጠጡ።

በዚያ ወረዳ በዴሞክራቶች ማጣሪያ ያሸነፈ ዋሽንግተን እንደ ገባ ይቆጠራል። የድምፅ መስጫ ሳጥኖቹ ተዘጉ፤ ቆጠራው ተጀመረ።

(ይቀጥላል)

ክፍል ሦስት፦ ሥልጣን የሌለው ኮሚቴ

አሸነፈ። በጃንዋሪ 1979 የ34 ዓመቱ ሚኪ ሌላንድ በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራውን ፈጥነን እንለፈው። ጤናን፣ ኃይልንና መገናኛን በሚመለከተው ትልቅ ኮሚቴ ውስጥ ገባ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጥቁሮችንና ሌሎች ወገኖችን ለምን አያሳዩም፣ ለምንስ አይቀጥሩም ብሎ ወተወተ። እንግሊዝኛ የማይችሉ መራጮች በቋንቋቸው የድምፅ መስጫ ወረቀት የማግኘት መብት ለክርክር ሲቀርብ፣ ብድግ ብሎ በስፓኒሽ ተናገረ። ባልደረቦቹ ግራ ሲጋቡ፣ ቋንቋ የማያውቅ ዜጋ የሚሰማው ይኸው መሆኑን አሳያቸው። የወረዳውን የተቸገሩ ወጣቶች በየክረምቱ ኪቡዝ ወደሚባሉት የእስራኤል የጋራ መንደሮች ልኮ ከሌላ ሕዝብ ጋር እየሠሩ እንዲኖሩ የሚያደርግ ፕሮግራምም አቋቋመ። ሄዶ ያየ ሰው እንዴት እንደሚለወጥ ከራሱ ያውቃል።

ስሙን ያስጠራው ግን የረሃብ ጉዳይ ነው።

ረሃብ በአሜሪካ ኮንግረስ ውስጥ ባለቤት አልነበረውም። የምግብ ዕርዳታ የግብርና ኮሚቴ ነው፤ ወደ ውጭ የሚላከው የውጭ ጉዳይ ነው፤ የሕፃናት ጤና ሌላ ኮሚቴ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ የሌላ ነው። አንድ የተራበ ሕፃን በአራት በር ተከፋፍሎ፣ በየትኛውም በር ሙሉ ሰው ሆኖ አይገባም። ሌላንድ ይህን አየና ከኒው ዮርኩ ሪፐብሊካን ቤን ጊልማን ጋር ሆኖ ስለ ረሃብ ብቻ የሚነጋገር ልዩ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ብዙዎች ተቃወሙ፤ ኮሚቴ በዝቷል፣ ወጪ ነው፣ ድግግሞሽ ነው አሉ። ሌላም ድካም ነበረው፤ በኮንግረሱ አሠራር ልዩ ኮሚቴ ሕግ አርቅቆ ማቅረብ አይችልም። መመርመር፣ ምስክር መስማትና ማሳሰብ ነው ሥራው። ሥልጣን የሌለው ኮሚቴ ለምን ይጠቅማል?

ሌላንድ ይህን ሲሰማ አልደነገጠም። ሕግ ለማውጣት ብዙ ሰው አለ፤ የጎደለው የሚያይና ያየውን ይዞ መጥቶ የሚያሳፍር ሰው ነው የሚል እምነት ነበረው። እኔም እዚህ ላይ አብሬው እቆማለሁ። ረሃብ በአብዛኛው በእህል እጥረት ብቻ አይመጣም፤ እህሉ ያለበት ሰው ረሃብተኛውን ሳያይ ሲቀርም ይመጣል። ያ ሁሉ ተቃውሞ እያለ፣ በፌብሩዋሪ 1984 ምክር ቤቱ ኮሚቴውን በሰፊ ድምፅ አቋቋመ። ከሁለቱም ወገን ድምፅ የሰበሰበለት ያ የሚወደድ ጠባዩ ነው። ሊቀ መንበሩም እሱ ሆነ።

ኮሚቴው ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በኦክቶበር 1984 ማለቂያ ላይ፣ ከወሎ ኮረም የተቀረጸ ፊልም በእንግሊዝና በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። ያንን ዘመን እኛ በራሳችን አቆጣጠር «ሰባ ሰባት» ብለን ነው የምናስታውሰው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከብሮ ገና ወር ከጥቂት ቀን ነበር፤ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም ክፍለ ሀገራት ሕዝብ በመቶ ሺህ እየረገፈ ነበር። ዋሽንግተን ተከፋፈለች። አንዱ ወገን፣ ሞስኮን ለወደደ ወታደራዊ መንግሥት እህል መላክ መንግሥቱን ማጠናከር ነው ይላል። ሌላው ዝም ማለቱን መረጠ። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ግንኙነትም ከ1980 ጀምሮ ያለ አምባሳደር፣ በጉዳይ ፈጻሚ ብቻ የተንጠለጠለ ነበር።

ሌላንድ፣ ሁለቱንም ፓርቲዎች ያቀፈ ቡድን ይዤ ኢትዮጵያ እሄዳለሁ አለ። ራሱን በሶሻሊዝም የሚጠራ መንግሥት የአሜሪካ ኮንግረስ አባላትን በረሃብ ጣቢያዎቹ ያዞራል? ሲመለስስ በመንግሥቱ ደጋፊነት ሊከሱት ጠላቶቹ አይጠብቁትም?

(ይቀጥላል)

ክፍል አራት፦ ዞር ብሎ ሳለ

ገቡ፤ አዩም።

በ1984 መጨረሻ ላይ ሌላንድ የመራው የኮንግረስ ቡድን በኢትዮጵያ የረሃብ ጣቢያዎች ውስጥ ዞረ። ስለዚያ ዘመን ጣቢያዎች ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሌሊት በብርድ፣ ቀን በጽኑ ሕመም የሚያልቀውን ሰው ያየ አይረሳውም። ሌላንድ ኋላ ደጋግሞ ሲያነሣ የኖረው ግን አንድ የሱዳን ስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ያየውን ነው። አንዲት ልጅ በረሃብ ልትሞት ትቃትት ነበር። አጠገቧ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ነገር ሊናገር ወደ ሌላ ሰው ዞር አለ። መልሶ ሲያያት ልጅቷ አልፋለች። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ፊቷ በየቀኑ እንደሚታየው ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ የሚኪ ሌላንድን ሥራ በሙሉ ስናይ፣ ያችኑ ልጅ እንደገና ላለማጣት የሚጣደፍ ሰው ይመስላል። ዋሽንግተን ሲመለስ ከሪፐብሊካን ዘንድ ወደ ዴሞክራት፣ ከባለሥልጣን ዘንድ ወደ ታዋቂ ሰው እየሄደ ያየውን ተረከ። የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥትም የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም በሚል ስሜት ወደ ዕርዳታው ዞረ። ኮንግረሱ በ1985 ለአፍሪካ ረሃብ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕርዳታ ፈቀደ።

ያ ገንዘብ ሁሉንም ነገር አልፈታም። ደርግ የእህሉን መንገድ በጦርነቱ አቅጣጫ ሊመራ ይሻ ነበር፤ ሕዝቡን ወደ ሌላ አካባቢ የሚያዘዋውረው ሰፈራ በግዳጅ ሲካሄድ ሰው ሞቷል። በዋሽንግተን ሌላንድን ከአምባገነኖች ጋር ይጨባበጣል የሚሉት ነበሩ፤ ከኩባው ፊደል ካስትሮም ጋር ተገናኝቶ ነበርና። የእሱ መልስ በሐሳቡ ጸንቶ መቆየት ነበር። ለሕዝቡ እህል ለማድረስ በሩን የያዘውን ሰው ማነጋገር ግድ ከሆነ ያነጋግራል። በዚህ የምንወቅሰው ካለን፣ እህሉ የደረሰላቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቆመን እንወቅሰው።

ረሃብን በሩቅ አገር ብቻም አልፈለገውም። ኮሚቴው በአሜሪካ ከተሞች ድሃ ሰፈሮችና በቀደምት አሜሪካውያን መንደሮች እየዞረ ምስክር ሰማ። የሕፃናትን ዓይንና ሕይወት የሚታደገው ቫይታሚን ኤ ለድሃ አገሮች እንዲዳረስ ገንዘብ አስመደበ። ከ1985 እስከ 1987 የጥቁር ኮንግረስ አባላት ኅብረት ሊቀ መንበር ነበር፤ ኮንግረሱ የሬገንን ተቃውሞ ሽሮ በአፓርታይድ ላይ ማዕቀብ የጣለው በዚያ ጊዜ፣ በ1986 ነው። በ1983 አሊሰን ዋልተንን አግብቶ፣ በ1986 ጃሬት የተባለ ወንድ ልጅ ወልዷል። በ1989 ክረምት አሊሰን ነፍሰ ጡር ነበረች።

በዚያ ክረምት ሱዳን ዳግመኛ የእሳት ምድጃ ሆናለች። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ወደ ጋምቤላ እየጎረፈ፣ በኢታንግ፣ በዲማና በፑኝዶ ሰፈረ። ፑኝዶ ያሉት ብዙዎቹ እናትና አባት የሌላቸው ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ፣ ከመንደራቸው ተነሥተው በእግራቸው ለሳምንታት ተጉዘው የደረሱ። ዋሽንግተን ተቀምጦ ቁጥራቸውን በሪፖርት ማንበብ ይቻል ነበር። ሌላንድ ግን እንደ ልማዱ ተነሣ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም የተያዘባት ዕለት፣ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ንብረት የሆነች ባለ ሁለት ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ተዘጋጀች። 16 ሰዎች ተሳፈሩ፤ 9ኙ አሜሪካውያን፣ 7ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከሌላንድ ጋር የሄዱት የኮንግረስ ሠራተኞች፣ የኤምባሲና የተራድኦ ባልደረቦች፣ እንዲሁም የኮሚሽኑ ሰዎችና የአውሮፕላኗ አብራሪዎች ነበሩ። ወደ ፑኝዶ የሚወስደው መንገድ በምዕራብ ደጋ ላይ አልፎ ወደ ባሮ ሜዳ የሚወርድ ነው። ነሐሴ ላይ ያን ደጋ ደመና ሸፍኖ ይውላል።

አውሮፕላኗ ጠዋት ከቦሌ ተነሣች። ፑኝዶ ጠበቀች። ሰዓቱ አለፈ፤ ቀኑ መሸ። የደረሰች አውሮፕላን የለችም።

(ይቀጥላል)

ክፍል አምስት፦ እስከ እሑድ (የመጨረሻው)

በመጀመሪያው ምሽት ተስፋ የሚያሰጥ ምክንያት አልጠፋም። አገሩ ዝናብ ነው፤ ምናልባት ደመናው ሲከብድ የሆነ ሜዳ ላይ አርፈው ይሆናል ተባለ። የሌላንድ ወዳጆችም የታንዛኒያውን ነገር አስታወሱ። ያን ጊዜም ጠፍቶ ተመልሷል።

ማክሰኞ ወሬ የለም። ረቡዕም እንዲሁ።

ኢትዮጵያና አሜሪካ ለዓመታት ተኳርፈው የኖሩ መንግሥታት ነበሩ። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም መንግሥትም ከግንቦት 8ቱ የጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም፤ ሰማዩን ለባዕድ ጦር የሚከፍትበት ሰዓት አልነበረም። ሆኖም ከፈተ። በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ትእዛዝ የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ገቡ፤ ሳተላይት ሳይቀር ለፍለጋው ዋለ። ኢትዮጵያውያን በአየርና በእግር ፈለጉ፤ የገጠሩ ሰው ሞተር የሰማበትን አቅጣጫ ተናገረ። አንዱ ጥቆማ ተስፋ ሰጥቶ ሲመረመር ባዶ ይሆናል፤ ሌላው ይተካል። ደመናው ለአንድ ሰዓት ሲገለጥ አውሮፕላኖቹ ይወጣሉ፤ ሲዘጋ ይመለሳሉ። ሂውስተን ውስጥ አሊሰን የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ስልክ ትጠብቃለች፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ጸሎት ላይ ናቸው። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ።

እሑድ፣ ነሐሴ 7፣ ስብርባሪው ተገኘ። አውሮፕላኗ ከፑኝዶ በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች አንዱን ገጭታ ተቃጥላለች። ከ16ቱ የተረፈ የለም። ሚኪ ሌላንድ የ44 ዓመት ሰው ነበር።

ስለ ሞቱ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ስለ እሱ ብቻ ነው፤ ዝናው ያስገድዳልና። እኔ ግን አብረውት የነበሩትን ሰባቱን ኢትዮጵያውያን ሳልጠቅስ አላልፍም። ክረምት ከበጋ በዚያ ደመና ውስጥ እየተመላለሱ ወደ ስደተኞች ጣቢያ የሚወጡ የዕርዳታ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቡድኑ ባይመጣም ሥራቸው ያው ነው። ከአሜሪካውያኑም መካከል ባልና ሚስት አብረው አልፈዋል።

የሌላንድ አስከሬን ሂውስተን ገብቶ ተቀበረ። በጃንዋሪ 1990 አሊሰን መንታ ወንዶች ልጆች ወለደች። አባታቸውን ሳያዩ ስሙን ወረሱ፤ አንደኛው ኦስቲን ሚኪ፣ ሌላኛው ካሜሮን ጆርጅ ተባለ። በ18ኛው ወረዳ ወንበር የቴክሳስ ምክር ቤት የጥንት ጓዱ ክሬግ ዋሽንግተን ተቀመጠ። በሂውስተን አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የዓለም አቀፍ መንገደኞች ሕንፃ፣ በከተማይቱም አንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በስሙ ተጠሩ። አዲስ አበባም አልረሳችውም፤ በሃያ ሁለትና በአትላስ ሆቴል መካከል ያለው ጎዳና ሚኪ ሌላንድ ይባላል።

ሊያያቸው የተሳፈረላቸው የፑኝዶ ልጆች በ1991 ደርግ ሲወድቅ ዳግመኛ ተሰደዱ። የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎች በውኃና በጥይት አለቁ። የተረፉት ሱዳንን አቋርጠው ኬንያ፣ ካኩማ ገቡ፤ ከእነሱም መካከል ወደ 3,800 የሚሆኑት ከ2000 ወዲህ አሜሪካ ተወስደው በብዙ ከተሞች ሰፍረዋል። ይህ የሌላንድ ሥራ ነው ለማለት አይደለም። በሕይወት ቢኖር ግን ጉዳያቸው ያን ያህል ዓመት ባልጠበቀ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኮሚቴውስ? ሕግ የማያወጣ፣ ድምፅ ብቻ ያለው ያ ኮሚቴ በኦሃዮው ተወካይ ቶኒ ሆል (የቴክሳሱ አንቶኒ ሆል አይደለም) እጅ ቀጠለ። በ1993 ኮንግረሱ ወጪ እቀንሳለሁ ሲል ልዩ ኮሚቴዎቹን ሲዘጋ የረሃቡም አብሮ ተዘጋ። ሆል በንግግር ብቻ አልቀረም፤ ምግብ አቆመ። ውኃ ብቻ እየጠጣ 22 ቀን ጾመ። ኮሚቴው ባይመለስም፣ ከዚያ ጾም ውስጥ የኮንግረስ የረሃብ ማዕከል የሚባል ድርጅት ተወለደ። ማዕከሉ በሚኪ ሌላንድ ስም ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ሲያሠለጥን ኖሯል። የመጀመሪያውን ዓመት ረሃብ ባለበት አገር ከሕዝቡ ጋር ሆነው ሠርተዋል። ያንን ሳይጨርሱ ፖሊሲ ወደሚወጣባቸው ቢሮዎች አልገቡም።

(ተፈጸመ)